የማይጫር ስክሪን ወይስ የማይሰበር? ስልክ ከመግዛትዎ በፊት

ስልክ መሸጫ ገብተው «ስክሪኑ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጎሪላ ነው፤ አይጫርም፣ አይሰበርም»። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ቀላል ነው፤ በአንድ መስታወት ላይ እኩል ማግኘት ግን ከባድ ነው። ሸክላ ምጣድ ቢፈገፍጉት እምብዛም አይጎዳም፣ ከእጅ ካመለጠ ግን አለቀለት። ጀሪካን ደግሞ ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ አይሰበርም፣ ዙሪያውን ግን ጭረት በጭረት ነው። የስልክ ስክሪን በእነዚህ መካከል የሆነ ቦታ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ አምራቹም ወደ አንዱ ሲጠጋ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ትንሽ ይርቃል።

የዚህ መመሪያ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ለአብዛኛው ሰው ስልኩ ራሱ ውድቀትን የሚችል መሆን አለበት፤ ጭረቱን የሚቀበለው ደግሞ በቀላሉ የሚቀየር ፕሮቴክተር ይሁን። ይህ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፣ እየጠቀስናቸው እንሄዳለን።

መመዘኛዎቹ

ጭረት የሚለካው በሞህስ ልኬት ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሞህስ በ1812 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ደረጃ ሲሆን ከ1 (ታልክ) እስከ 10 (አልማዝ) ይሄዳል፤ ላይኛው ታችኛውን ይጭራል። የጣት ጥፍር 2.5 አካባቢ፣ የመዳብ ሳንቲም 3 አካባቢ፣ የብረት ቢላ 5.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ (አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ማዕድን) 7፣ ሳፋየር (ሰንፔር) 9 ነው። የዛሬ ስልኮች መስታወት በአብዛኛው 6 ላይ መጫር ይጀምራል፣ 7 ላይ ጎልቶ ይታያል። የሻጩ ስልክ 6፣ የጎረቤት ሱቁም 6 ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቁጥር የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ጋር አይገጥምም። ቁልፍና ሳንቲም ስክሪን አይጭሩም፣ ወይም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሳንቲም ትቶት የሄደው ግራጫ መስመር ብዙውን ጊዜ ከሳንቲሙ የተላቀቀ ብረት ነው፤ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ቢያሹት ይለቃል። ጠላቱ በኪስ ስፌት ውስጥ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት። ኳርትዝ ከሆነች 7 ናት፣ መስታወቱን ትበልጠዋለች። ስልኩ ኪስ ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር፣ ቁልፉ ከጀርባ እየገፋት፣ መስመር ታሰምራለች። የግንባታ ቦታ የሚውል ሰው፣ በበጋ አቧራማ መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ በረሃ አሸዋ አጠገብ የሚሠራ ሰው ስለ ጭረት የሚጨነቀው በምክንያት ነው።

የስብራት መቋቋም እንዲህ በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ከፍታው፣ የወደቀበት ገጽ፣ ያረፈበት ማዕዘን፣ የስልኩ ክብደት፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ ሁሉም ገብተውበታል። ከወገብ ከፍታ ጠፍጣፋ ሴራሚክ ላይ በግንባሩ የተዘረጋ ስልክ ሊተርፍ ይችላል፤ ያው ስልክ ከዚያው ከፍታ ኮብልስቶን ላይ ቢወድቅ አንዲት ሹል የድንጋይ ጫፍ ሙሉ ጉልበቱን በአንድ ነጥብ ላይ ታሳርፋለች። ላቦራቶሪዎች አስፋልትና ኮንክሪትን ለመምሰል ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት መሬት ላይ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው። ማዕዘን ላይ መውደቅ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ጎኑ ወደ ታች የሚታጠፍ «ከርቭድ» ስክሪን ከጠፍጣፋው ይልቅ ቶሎ የሚሰበረውም ጠርዙን የሚጠብቀው ብረት ስለሚያንስ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ የሁለቱ መገናኛ ነው። መስታወት ከመሬት ተነስቶ አይሰነጠቅም፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ቀድሞ ከነበረ ጉድለት ነው። ጥልቅ ጭረት እንዲህ ያለ ጉድለት ነው። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ በአግድም ያሳልፉ፤ ጥፍሩ የሚያዝ ከሆነ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በሚቀጥለው ውድቀት ስክሪኑ የሚከፈትበት በር ነው። ጥፍር የማይዛቸው ቀጫጭን መስመሮች ግን ከመልክ ያለፈ ጉዳት የላቸውም።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው፦ ቢሰበር ማስቀየሪያው ስንት ነው? ስክሪኑስ ምን ዓይነት ፕሮቴክተር ይቀበላል? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ስልኩን ከገዛ በኋላ ነው የሚያስበው።

ጥንካሬው ከየት ይመጣል

የስልክ መስታወት የሚጠናከረው በኬሚካል ነው። የተቆረጠው መስታወት በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። በመስታወቱ ገጽ ላይ ያሉት ትንንሽ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና በቦታቸው ተለቅ ያሉ የፖታሲየም አዮኖች ይገባሉ። ጠባብ ቦታ ላይ ትልቅ ነገር ሲጠቀጠቅ ገጹ ይጨመቃል፤ ስንጥቅ እንዲጀምር ደግሞ ገጹ መለጠጥ ስላለበት መጀመሪያ ይህን ጭመቃ ማሸነፍ ይኖርበታል። የተጨመቀው ንብርብር ጥልቀት ግን በአስሮች የሚቆጠር ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ ነው። ሹል ድንጋይ ወይም ጥልቅ ጭረት እሱን አልፎ ከገባ ውስጡ የሚጠብቀው የተወጠረ መስታወት ነው።

ይህ ሂደት ስብራትን በጣም ይረዳል፤ በሞህስ ልኬት ላይ ያለውን ደረጃ ግን እምብዛም አይቀይረውም። ስለዚህም ነው ከዓመት ዓመት «በእጥፍ ጠነከረ» የሚባለው መስታወት አሁንም 6 ላይ የሚጫረው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ስሙ ያልተጻፈ መስታወት።* በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ስልኮች ዝርዝር ላይ የመስታወቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። አምራች የሚኮራበትን ነገር ስለማይደብቅ፣ ካልተጻፈ ተራ ነው ብለው ይነሱ። ሳጥኑ ላይ የትውልዱ ቁጥር ሳይጠቀስ «ጎሪላ መስታወት» ተብሎ ብቻ ቢጻፍም ብዙ አይነግርዎትም፤ ጎሪላ 3 የ2013 ምርት ነው፣ ከዓመታት በኋላም በርካሽ ስልኮች ላይ ሲገጠም ቆይቷል።

*የጎሪላ ቤተሰብ።* የጎሪላ አምራች የሆነው የአሜሪካው ኮርኒንግ ያወጣቸው ትውልዶች ወዴት እንዳደሉ ከራሱ ቃል ይነበባል። በ2016 የወጣው ጎሪላ 5 ከ1.6 ሜትር ወደ ሸካራ ገጽ ቢወድቅ እስከ 80 በመቶ ጊዜ ይተርፋል ተባለ፤ ጨዋታው ሁሉ ስለ ውድቀት ነበር። የ2020ው ቪክተስ ከፍታውን ወደ 2 ሜትር አድርሶ የጭረት መቋቋሙ ከጎሪላ 6 በእጥፍ ይበልጣል አለ። የ2022ው ቪክተስ 2 ደግሞ ጭረቱን ባለበት ትቶ ኮንክሪት መሰል ገጽ ላይ ከ1 ሜትር መውደቅን ዓላማው አደረገ። በ2024 በጋላክሲ ኤስ24 አልትራ የመጣው ጎሪላ አርመር የብርሃን ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል፣ በጭረትም ከቀዳሚዎቹ የተሻለ ነው። በ2025 የተከተለው አርመር 2 ወደ ውድቀት አዘንብሎ እስከ 2.2 ሜትር ኮንክሪት መሰል ገጽ ላይ ይችላል ተብሏል። እነዚህ የአምራቹ የላቦራቶሪ ቁጥሮች ናቸው፤ «እስከ» የምትለዋን ቃል ሳይዘልሉ ያንብቡ። ሙከራው የሚደረገው አዲስ፣ ጭረት በሌለበት መስታወት ላይ መሆኑንም ያስታውሱ።

*መስታወት ከሴራሚክ ጋር።* አፕል በ2020 ከአይፎን 12 ጀምሮ የሚጠቀምበት ሴራሚክ ሺልድ ከኮርኒንግ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ በመስታወቱ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሴራሚክ ክሪስታሎች አሉት። ስንጥቅ እየሮጠ መጥቶ ክሪስታል ሲያጋጥመው ይታጠፋል፣ ጉልበቱን ያጣል። አፕል ያኔ የሸጠው «ውድቀትን 4 እጥፍ የተሻለ ይቋቋማል» በሚል ነበር፤ ንጽጽሩ ከራሱ የቀድሞ አይፎን ጋር ነው፣ ጠፍጣፋው የጎን ብረትም ድርሻ አለው። ስለ ጭረት ጎላ አድርጎ የተናገረው በ2025 ነው፦ በአይፎን 17 ላይ የመጣው ሴራሚክ ሺልድ 2 ጭረትን 3 እጥፍ ይቋቋማል አለ። አምስት ዓመት ሙሉ የጭረቱ ጉዳይ ከውድቀቱ ኋላ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

*ሳፋየር።* በሞህስ 9 ስለሆነ አሸዋ አይደፍረውም። የውድ ሰዓቶች መስታወትና ከአይፎን 5 ወዲህ የአይፎን ካሜራ ሽፋን ከዚህ ዘር ነው። በሙሉ ስክሪን ደረጃ ግን አልዘለቀም። በ2014 ኪዮሴራ ብሪጋዲየር፣ በ2017 የኤችቲሲ ዩ አልትራ ልዩ እትም ሞክረውታል። ለአፕል ሳፋየር እንዲያመርት የተዋዋለው ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ በጥቅምት 2014 (በአውሮፓውያን) ኪሳራ አወጀ። ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን አይለመጥም፣ ጉድለት ያገኘው ቀን በአንዴ ይፈነዳል። በኪስ ለሚዞር 6 ኢንች ስክሪን አንመክረውም፤ ለእጅ ሰዓትና ለካሜራ ሽፋን ግን ከሱ የሚሻል የለም። ገበያ ላይ «የሳፋየር ፕሮቴክተር» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው ስሙ ብቻ ነው።

*ፕላስቲክና ታጣፊ ስልክ።* የሌላኛው ጫፍ ምሳሌ በ2015 የወጣው ሞቶሮላ ሞቶ ኤክስ ፎርስ ነው፤ ስክሪኑ እንዳይሰበር ለ4 ዓመት ዋስትና ተሰጥቶት ነበር። የላይኛው ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ አልተሰበረም፣ ግን ተጫረ። ታጣፊ ስልኮችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ከሥር እጅግ ቀጭን መስታወት ቢኖራቸውም ጣት የሚነካው ላይኛው ንብርብር ፕላስቲክ ነው፤ በሞህስ 2 መጫር ይጀምራል፣ ጥፍር ራሱ ምልክት ይተዋል። ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ፊልም ፕሮቴክተር መስሎት የሚልጥ ሰው ስክሪኑን ይገድላል።

| አማራጭ | ጭረት | ስብራት | ቢበላሽ ወጪው | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ስም የሌለው መስታወት | መካከለኛ | ደካማ | ዝቅተኛ | ባጀቱ ጠባብ ለሆነ፣ ከፕሮቴክተርና ከከቨር ጋር |
| ጎሪላ 3 እና 5 | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ለዕለት ተዕለት ሥራ |
| ቪክተስ፣ ቪክተስ 2 | መካከለኛ | ጥሩ | ከፍተኛ | ስልክ ለሚጥል ሰው |
| አርመር፣ አርመር 2 | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ከፍተኛ | ፀሐይ ላይ ለሚሠራ፣ ያለ ፕሮቴክተር ለሚይዝ |
| ሴራሚክ ሺልድ (አይፎን 12 እስከ 16) | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | ፕሮቴክተር ለጥፎ ለሚይዝ |
| ሳፋየር | እጅግ ጥሩ | ደካማ | እጅግ ከፍተኛ | ለሰዓትና ለካሜራ ሽፋን |
| ፕላስቲክ፣ ታጣፊ | በጣም ደካማ | አይፈረካከስም፣ ይጎደጉዳል | እጅግ ከፍተኛ | ለጠንቃቃ ሰው ብቻ |

ፕሮቴክተሩ፦ ሒሳቡ የሚቀየርበት ቦታ

ጭረት በፕሮቴክተር ሊከላከሉት ይችላሉ፤ ስብራትን ግን ፕሮቴክተር የሚያግዘው በከፊል ነው። ሹል ነገር ሲያርፍበት እሱ ቀድሞ ይሰበራል፣ የሥሩ ሊተርፍ ይችላል። ማዕዘን ላይ የመጣን ምት ግን አይነካውም፤ ያ የከቨር ሥራ ነው።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «9ኤች» ሞህስ 9 አይደለም። የእርሳስ ጥንካሬ ደረጃ ነው፦ ጠንካራ እርሳስ ቢጎትቱበት አይጫርም ማለት ነው። የእርሳስን ውስጥ የሚችል ነገር ሁሉ አሸዋን ይችላል ማለት አይደለም፤ ፕሮቴክተሩም እንደ ስክሪኑ 6 አካባቢ ላይ ይጫራል። ልዩነቱ እሱ ሲጫር ልጠው መጣልዎ ነው።

የተለመደው የመስታወት ፕሮቴክተር 0.33 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሲገዙ ሙጫው በሙሉ ገጹ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በጠርዙ ብቻ የሚጣበቀው መሐሉ ላይ አየር ስለሚይዝ ንክኪው ይደክማል፣ ሲመታም መሐሉ ይለመጥና ቶሎ ይሰነጠቃል። ሃይድሮጄል ወይም ቲፒዩ የሚባለው ተለማጭ ፊልም ለጎበጠ ስክሪን ይመቻል፣ ጥቃቅን ጭረት በራሱ ይሽርለታል፤ ከውድቀት ግን ምንም ያህል አያድንም። «ፈሳሽ ፕሮቴክተር» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ላይ ገንዘብ አያባክኑ።

ለጎበጠ ስክሪን በዩቪ ብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ ያለው መስታወትም አለ፤ ሲጣበቅ ያማረ ነው። አደጋው ትርፍ ሙጫ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳና ወደ ጎን ቁልፎች መግባቱ ነው፤ አንዴ ከደረቀ ድምፁ ይታፈናል። የሚለጥፍልዎ ልጅ ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ በቴፕ ካልሸፈነ ያስቁሙት።

ሦስት ሁኔታዎች ላይ ይጠንቀቁ። ከጋላክሲ ኤስ10 ወዲህ ያሉት ዋና ዋና የሳምሰንግ ኤስ ስልኮች አሻራ የሚያነቡት በድምፅ ሞገድ ነው፤ ወፍራም መስታወት ወይም የአየር ክፍተት ያውካቸዋል፣ ስለዚህ ለሞዴሉ የተሠራ ይግዙ፣ ከለጠፉም በኋላ አሻራዎን እንደገና ያስመዝግቡ። አርመር ያለው ስልክ ላይ ተራ ፕሮቴክተር ቢለጥፉ የከፈሉበት ጸረ ነጸብራቅ ይጠፋል። ታጣፊ ስልክ በሚታጠፈው ስክሪኑ ላይ ደግሞ የመስታወት ፕሮቴክተር ጨርሶ አይለጠፍም።

በራስዎ የሚለጥፉ ከሆነ ሻወር ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ ጥቂት አፍስሰው እንፋሎቱ አቧራውን እስኪያወርደው ይጠብቁ። ስክሪኑን በአልኮል ይጥረጉ፣ በደረቅ ማይክሮፋይበር ይድገሙ፣ የቀረችውን ብናኝ በተለጣፊው ወረቀት ያንሱ። ፕሮቴክተሩን በቦታው ካስተካከሉ በኋላ አንድ ጎኑን በሁለት ቁራጭ ቴፕ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ያሲዙት፤ ከፍተው የሥሩን ፊልም ይላጡ፣ ይልቀቁት፣ መሐሉን አንዴ ይጫኑ። ሙጫው ራሱ ይሮጣል። ጠርዝ ላይ የቀረ ትንሽ አረፋ በአንድ ሁለት ቀን ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው አረፋ ግን ብናኝ ነው፣ አይወጣም።

ከቨሩን እንዲህ ይፈትሹ፦ ፕሮቴክተሩ ተለጥፎ እያለ ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛ ላይ ይድፉትና የባንክ ካርድ (0.76 ሚሊ ሜትር) በሥሩ ለማሳለፍ ይሞክሩ። ካለፈ ጠርዙ በቂ ነው። ካላለፈ ከቨሩ ጌጥ ነው።

በስክሪን ላይ ያለን ጭረት በጥርስ ሳሙና እናጠፋለን የሚሉ ቪዲዮዎችን አይከተሉ። የጥርስ ሳሙና ጣት እንዳያቆሽሽ የተቀባውን ስስ ሽፋን ገፎ አካባቢውን ያደበዝዘዋል፤ ጭረቱ እዚያው ነው።

ያገለገለ ስልክ ከሆነ

የስክሪኑን ብርሃን ያጥፉና በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ ባለ ማዕዘን ያብሩበት። ፊት ለፊት የማይታዩት መስመሮች ሁሉ ይወጣሉ። በጥፍር ይፈትሹ፤ በተለይ አራቱን ማዕዘኖችና ጠርዙን በጣት ይዳስሱ፣ የተሸረፈ ጠርዝ ከመሐል ጭረት ይበልጥ አስጊ ነው። ከአይፎን 11 ጀምሮ ባሉት ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ገብተው ስክሪኑ «የማይታወቅ ክፍል» ተብሎ ከተመዘገበ ተቀይሯል። ኮፒ ስክሪን የተገጠመለት ስልክ ላይ «ሴራሚክ ሺልድ ነው» የሚለው ወሬ አይሠራም፤ መስታወቱ ተራ ነው፣ እንደ ተራ ይመዝኑት፣ ዋጋውንም እንደዚያ ይደራደሩ።

ለማን የቱ?

ባጀቱ ጠባብ ከሆነ በመስታወቱ ስም ላይ አይጨምሩ። ስልኩን ይግዙ፣ ሁለት ፕሮቴክተርና ጠርዙ ከፍ ያለ ከቨር ያክሉበት። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ጠጋኝ ጋ ጎራ ብለው ሁለት ዋጋ ይጠይቁ፦ መስታወቱ ብቻ ቢሰበር ስንት፣ ሙሉ ስክሪኑ ቢሄድ ስንት? አሞሌድ በሚባለው የስክሪን ዓይነት ላይ መስታወቱ ከማሳያው ጋር በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ መለየቱ ማሽንና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ብዙ ጠጋኞች ሙሉውን መቀየር ይመርጣሉ። የማስቀየሪያው ዋጋ የስልኩን ግማሽ ካለፈ ሌላ ሞዴል ይዩ።

ለልጅ፣ ለሞተር አሽከርካሪ፣ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ለሚውል ሰው ስብራት ይቅደም፦ ጠፍጣፋ ስክሪን፣ ቪክተስ ወይም ሴራሚክ ሺልድ፣ ማዕዘኑ የወፈረ ከቨር። የጎበጠ ስክሪን ለእነዚህ ሰዎች አይገዛም።

ግንባታ ላይ ወይም አሸዋማ አካባቢ ለሚሠራ ፕሮቴክተሩ የፍጆታ ዕቃ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ባየ ቁጥር ይቀይረው። ስልኩን አቧራ በያዘ ጨርቅ በደረቁ አይጥረግ፣ መጀመሪያ እፍ ይበልበት ወይም በትንሽ ውኃ ያርጥብ። ለስልኩም የተለየ ኪስ ይኑረው።

ቢሮ ውሎ ቤት የሚገባ፣ ስልኩን እምብዛም የማይጥል፣ ፕሮቴክተር የሚያስጠላው ሰው ብቻ ነው ጭረትን ማስቀደም ያለበት። ለእሱ አርመር ወይም ሴራሚክ ሺልድ 2 ያለው ስልክ ተጨማሪው ዋጋ ይገባዋል።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ ስልክ የሚልክ ወይም ይዞ የሚመጣ ደግሞ አንድ ነገር ያጣራ፦ የዚያ ሞዴል ስክሪን መርካቶ ይገኛል? በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ኔትወርክ ኩባንያዎች ብቻ የተሸጡ ሞዴሎች ልካቸው የሚገጥም ፕሮቴክተር እንኳ እዚህ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ እዚያው ሦስት አራት ገዝቶ፣ አንዱን ለጥፎ፣ የቀሩትን ከከቨሩ ጋር ሻንጣ ውስጥ ይጨምር።